የአያ ደሴ የሕክምና ካርድ

በረሃቡ ዓመት፣ ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ ከተማ አጠገብ ባለ የስደተኞች ካምፕ፣ ክሊኒክ በሆነች ድንኳን ውስጥ ስም መዝጋቢ ነበርኩ። አገሬ ሳለሁም የዩኒቨርሲቲ ክሊኒክ ካርድ አውጪ ነበርኩ። አንድ ቀን የዩኒቨርሲቲያችን ጡረተኛ ዘበኛ አያ ደሴ መጥተው የድሮ ካርዳቸውን ዘረጉልኝ። «ለሠራተኛው ብቻ» የሚለውን ማኅተም የመታሁት እኔው ነኝ። ሚስታቸውን ስንቴ በዚያ ማኅተም ከደጅ መልሻቸዋለሁ! አፈርኩ።

«ምንዎን ነው ያመመዎ?»

«እኔስ ደህና ነኝ። እሷን ወባ ይዟት ከጧት ጀምራ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች። ደንቡ አሁንም እንደ ድሮው ነው?»

«ኧረ አያ ደሴ፣ እዚህ የታመመ ሁሉ ይታከማል!»

አያ ደሴ የድንኳኑን መጋረጃ ገልጠው ተጣሩ፤ «አንቺ፣ ነይ ግቢ! ሰውየው ደንቡን አሻሽለውታል!»