የሮማውያን ሽርሽርና የአባቴ ጥያቄ

ልጅ እያለሁ አባቴ የማይጠረጥረው ነገር አልነበረም። በስደት በምንኖርበት በፌርፋክስ ጎዳና ላይ አዲስ ሱቅ ሲከፈት፣ ጎረቤት ያለወትሮው ሲስቅ፣ ደብዳቤ ሲዘገይ፣ ሁሉም ከጀርባው ነገር ነበረው። የሆቴል እንግዶችን መኪና ሲያቆም ውሎ የደከመ እግሩን ሞቅ ባለ ውሃ እየነከረ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይለኝ ነበር።

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ስለ ጥንት ሮማውያን ተማርን። መምህራችን ከባሕሩ ዳርቻ ላይ እንደ ሮማውያን የበጋ ቤት ተደርጎ ወደተሠራ ሙዚየም ልትወስደን አሰበችና የፈቃድ ወረቀት ላከች። አባቴ የወረቀቱን ጀርባ ሳይቀር ገልብጦ አየ።

«ሰማዕታትን ለአንበሳ የሰጡት አይደሉም እንዴ? የነሱ ሽርሽር ምን ያደርግልሻል?»

ሀብታሞቹ በበጋ ከተማውን ትተው ፍል ውሃ ወዳለበት የባሕር ዳርቻ ይሄዱ እንደነበር አስረዳሁት። ሰው ለለቅሶ፣ ለሰርግ ወይም ለጠበል ካልሆነ በደህና ቀን ከቤቱ ይወጣል ብሎ ስለማያምን ጥርጣሬው ባሰበት። በመጨረሻ ፈረመ፤ ግን የእረፍት ቀኑን ሰውቶ አብሮን መጣ።

አውቶቡሱ ብርቱካን ብርቱካን ይሸት ነበር። አባቴ የሰርግ ኮቱን ለብሶ ከሾፌሩ ጀርባ ተቀምጦ መንገዱን ይቆጣጠራል። ሙዚየሙ ውስጥ ረጅም ገንዳና ግድግዳ ላይ የተሳሉ ወፎች አየን። አስጎብኚዋ ጥያቄ ያለው ስትል አባቴ እጁን አወጣ።

«ንገሪያት እስቲ፤ እነዚህ ሲዝናኑ ዕቃቸውን ማን ነው የሚሸከመው? ገንዳውንስ ማን ያጥባል?»

የክፍሌ ልጆች ሁሉ ዞሩ። አፈርኩበት። በእንግሊዝኛ፣ «አባቴ ቤቱ በጣም ያምራል ይላል» አልኳት። ፈገግ ብላ አመሰገነችው። እሱ ግን የሚያየው እኔን ነበር። ስንት ዓመት ከሆቴል እንግዶች ጋር የዋለ ሰው ይህችን ታክል እንግሊዝኛ እንደማይጠፋው አላሰብኩም።

አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ደብዳቤ ሲመጣ፣ የቤት ኪራይ ውል ሲታደስ፣ እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ እያለሁ ታች ለሚኖሩት ለእትዬ አልማዝ ሊያስነብብ ይዞ ይወርድ ጀመር።

ዛሬ በየበጋው ልጆቼን ይዤ ባሕር ዳርቻ የምከርመው እኔ ነኝ። አባቴ አርጅቷል። በቀደም ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሙ ስለ ልቡ የነገረኝን አንዲት ቃል ሳላጎድል ተረጎምኩለት። ያኔ ዋሽቼ አመለጥኩ፤ አሁን ግን ክፉውንም አልደበቅኩትም። አባቴ እስከ መጨረሻው ሰማኝና ወደ ሐኪሙ ዞሮ በራሱ እንግሊዝኛ፣ ቀስ ብሎ፣

«ዶክተር፣ አንተ ራስህ ንገረኝ» አለው። «እሷ የሚያምረውን ብቻ ነው የምትናገረው።»