ሴቻ ወይስ ሲቀላ

ሄራን ክርክር ስትወድ ለጉድ ነው። አርባ ምንጭ ውስጥ ሎጂክ የምታስተምር ወጣት መምህርት ናት። እጮኛዋ ባዘዘው ደግሞ ከጎጃም የመጣ ረጋ ያለ መሐንዲስ ነው። ሠርጋቸው ሲቃረብ ቤት በየትኛው ሰፈር እንከራይ በሚል ተጣሉ። እሷ ታች ሲቀላ ይሁን አለች፤ እሱ ላይ ሴቻ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ተኮራርፈው ሰነበቱ።

በመጨረሻ ካፌ ቀጠረችውና፣ «ለተማሪዎቼ የማስተምረውን ዲያሌክቲክ በራሳችን እንሞክረው» አለችው።

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«መረታታት አይደለም። አንዱ ሐሳቡን ያቀርባል፣ ሌላው ይሞግተዋል፤ በዚያ መሃል ሁለታችንም ያላየነው ነገር ብቅ ይላል። ግን ከመሞገትህ በፊት የእኔን ሐሳብ ከእኔ በላይ አሳምረህ ተናገርልኝ።»

ባዘዘው ጉሮሮውን ጠረገ። «ሲቀላ ገበያው ቅርብ ነው፣ ባጃጁም እንደልብ...» ብሎ ጀመረና ፊቷን አይቶ ተወው። «አባትሽ ካረፉ ወዲህ እናትሽ ሲቀላ ብቻቸውን ናቸው» አለ ቀስ ብሎ። የሄራን ዓይን እንባ አቀረረ። ይህን አፍ አውጥታ ነግራው አታውቅም።

ተራው የእሷ ሆነ። «ሴቻ ነፋሻ ነው፣ ሐይቁም ይታያል» ብላ ቆም አለች። ባዘዘው ከጎጃም መጥቶ ሲቀላ በገባ በዓመቱ የያዘው ወባ ትዝ አላት። «ወባ ፈርተህ ነው!»

«ልሞት ነበር እኮ!» አለ፤ ሁለቱም ሳቁ።

«እንግዲያው የተጣላነው በሰፈር አይደለም» አለች ሄራን። «የእኔና የአንተ ሐሳብ የሚጋጨው እማዬ ከሲቀላ አትነቃነቅም ካልን ብቻ ነው። ይህን ማን ነገረን?»

ወዲያው ሚኒባስ ተሳፍረው ወደ ሲቀላ ወረዱ። እናቷ ወይዘሮ አገኘሽ ከጨርቅ ሱቃቸው ተቀምጠው በካርቶን ቁራጭ ያራግባሉ።

«እማዬ፣ ከእኛ ጋር ሴቻ ትኖሪያለሽ?»

«እሰይ፣ የሚጠይቀኝ ሰው ተገኘ!» አሉ ካርቶኑን ወርውረው። «ሙቀቱ ጨርሶኛል። ሰፈሩን የምትወጂው አንቺ ነሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ሱቁ እንደሆነ ጠዋት ወርጄ ማታ እመለሳለሁ።»

ዛሬ ሦስቱም ሴቻ ይኖራሉ። ባለፈው እሑድ ግቢው ውስጥ ማንጎ ይተከል ወይስ ሙዝ በሚለው እናትና ልጅ ተከራከሩ። ባዘዘው የሁለቱንም ሐሳብ አሳምሮ ሲያስረዳ የምሳው ዓሣ ቀዘቀዘ።