ኮምፒዩተሩ መጀመሪያ የሚፈልግበት

የዱራ፣ ማለትም የማሽላ፣ አገር በምትባለው የሱዳኗ ገዳሪፍ ዱራ ብርቅ የሆነበት ጊዜ ነበር። እኔ በስደተኞች ካምፕ ውስጥ የክሊኒኩ ኮምፒዩተር ሠራተኛ ነበርኩ። ሲወራ ትልቅ ሥራ ይመስላል፤ እውነቱ ግን ጄኔሬተሩ በጠፋ ቁጥር አንድ አሮጌ ላፕቶፕ እየለማመጡ ማስነሳት ነው።

ነርሷ የሕፃናቱን ክብደትና ቁመት ታስገባለች፣ ፕሮግራሙ በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት የሚታደለው የለውዝ ቅቤ ምግብ ለማን እንደሚገባ ይለያል። ያለ እሱ ፈቃድ ከመጋዘን ምንም አይወጣም። ምግቡ ቀድሞ የሚሰጠው እጅግ ለተጎዱት ብቻ ነበር። በዚያ ሳምንት ግን መድከም ለጀመሩትም ይሰጥ ስለተባለ አዲስ ፕሮግራም ጫንኩ።

አንድ ጠዋት ከድንበሩ ጣቢያ ከሐምዳይት ተዛውራ የመጣች እናት ልጇን ሚዛን ላይ አስቀመጠች። ልጁ አያለቅስም፤ ዝምታው ነው ያስፈራኝ። ፕሮግራሙ «አይገባውም» አለ።

ነርሷ ወደ እኔ ዞረች። «ወላሂ፣ እኔ የማየው ሌላ ነው። እስቲ አንተ እየው» አለችኝ።

ወደ ላፕቶፑ ጎንበስ አልኩ። የትኛውን ፕሮግራም እንዳስነሳ ኮምፒዩተሩን ብጠይቀው አሮጌውን ኖሯል። የሁለቱ ስም አንድ ነው። ሼል የሚባለው የኮምፒዩተሩ ትእዛዝ ተቀባይ፣ ትእዛዝ ሲሰጠው ፕሮግራሙን የሚፈልግባቸው ማህደሮች በተርታ ተሰልፈዋል፤ ሰልፉን ፓዝ ይሉታል። መጀመሪያ ያገኘውን ያስነሳል፣ ከኋላ የተሻለ ይኑር አይኑር ግድ የለውም። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ደግሞ የአሮጌውን ማህደር ከሁሉ ፊት አስቀምጦታል።

የአዲሱን ማህደር ከፊት አስገባሁ። የቀረውን ሰልፍ ከኋላው ማስከተሌን ደጋግሜ አየሁ፤ እሱ ከተረሳ ማሽኑ ተራ ትእዛዝ እንኳ አያገኝም። ጄኔሬተሩ ጠፍቶ ሁሉን እንዳያስረሳብኝም ሼሉ ሲነሳ በሚያነበው ፋይል ውስጥ ጻፍኩት። እናትየው ይህን ሁሉ ጊዜ ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም። ምነው ሌላ ቦታ ባየች እያልኩ ነበር።

ነርሷ ቁጥሮቹን እንደገና አስገባች። «ይገባዋል» አለ። እናትየው የተሰጣትን የምግብ እሽግ በጥርሷ ቀደደችው።

እኔ እፎይ ብዬ ልስቅ ምንም አልቀረኝም። ነርሷ ግን ፊቷ አልተፈታም።

«ትናንት የመለስኳቸውስ?» አለች።

የትናንቱን መዝገብ ይዛ ወጣች። ላፕቶፑን ክፍቱን ትቼ ተከትያት ወጣሁ። ትናንት ከተመለሱት የመጀመሪያዋን እናት ድንኳን ስናገኘው ባዶ ነበር። ክሊኒኩ ከመለሳት ወዲያ ምን ትጠብቅ፣ ማለዳ የጭነት መኪና ለምና ልጇን ይዛ ወደ ድንበሯ ከተማ ወደ ገላባት ሄደች አለችን ጎረቤቷ።