ገልብጪው

ልጄ ለሥራ ወደ ሌላ ስቴት ልትሄድ አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ቀርቷት ነበር። እኔ ደግሞ ሌሊቱን የካዚኖ ምንጣፍ ስጠርግ አድሬ፣ ኦቨርታይም ጨምሬበት፣ እግሬን እየጎተትኩ ሰንራይዝ ማነር የሚባል ሰፈር ወዳለው አፓርትማችን ገባሁ። ከእሷ ጋር ጀምሬ የጨረስኩት ፊልም የለም፤ ሁልጊዜ መሀል ላይ እንቅልፍ ይወስደኛል። ታውቀኛለችና በር ላይ ጠበቀችኝ።

«አባዬ፣ ፕሮሚስ አድርግ። ዛሬ አትተኛም።»

«እንዴት ተደርጎ!» አልኳት።

ዋተር ስትሪት ካለ አሮጌ ዕቃ መሸጫ ሸክላ ገዝታልኝ ነበር። ጸጉራቸውን ያስረዘሙ እንግሊዞች የተጫወቱት፣ አዲስ አበባ በወጣትነቴ ያበድኩለት የሮክ አልበም። ሽፋኑን ሳየው የዛለው ሰውነቴ ትንሽ ነቃ አለ። «ሸክላ!» አልኩ።

«ሸክላ ድስት አይደለም እንዴ?» አለችኝ፤ እሷ የምታውቀው ቫይናል የሚለውን ነው።

«ይሄም ሸክላ ነው። እኔ ግን የነበረኝ ካሴት ነው። ሙዚቃ ቤት ሄጄ ከሸክላው አስገለበጥኩ።»

«አስገለበጥኩ ምንድን ነው?»

«ኮፒ አስደረግሁ ማለት ነው።»

እኔ ሶፋው ላይ ተዘረጋሁ፤ እሷ ሸክላውን ማጫወቻው ላይ አድርጋ መርፌውን አሳርፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። የመጀመሪያው ዘፈን ሲጀምር ደስ አላለኝም። ያ የሙዚቃ ቤት ሰውዬ ችኩል ስለነበር የሸክላውን ሁለተኛ ገጽ አስቀድሞ ነው የቀዳልኝ፤ ይህን ዘፈን የማውቀው ካሴቱን ካዞርኩ በኋላ ነው። ለእኔ አልበሙ የሚጀምረው ከወዲያኛው ገጽ ነው።

«ገልብጪው» አልኳት ዓይኔን ጨፍኜ።

ስትነሳ ሰማኋት። አሁን ታዞረዋለች ብዬ ጠበቅሁ።

ስነቃ ሻንጣዎቿ መኪና ውስጥ ገብተው ነበር። በራሴ በጣም ተናደድኩ። አንድ ከሰዓት በኋላ እንኳ ነቅቶ መቀመጥ የሚያቅተው ምን ዓይነት አባት ነው? እሷ አልተቆጣችኝም፤ ጉንጬን ስማ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ሸክላውን መንካት አስጠላኝ፤ ማጫወቻው ላይ እንዳለ አቧራ ይጠጣ ብዬ ተውኩት።

በሳምንቱ ሺፍት ከመግባቴ በፊት መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ቁጭ እንዳልኩ፣ ከልጄ የተቀዳ ድምፅ መጣልኝ። ከሥሩ «እንዳልከኝ ገለበጥኩት» ይላል።

ወይ ጉድ! እኔ አዙሪው ማለቴ ነበር። እሷ ገና ያስተማርኳትን ቃል ይዛ በስልኳ ቀድታዋለች።

ከፈትኩት። ጊታሩ መጣ፤ ብዙም ሳይቆይ የእኔ ማንኮራፋት እንደ ወፍጮ ተከተለው። አፈርኩም፣ ሳቅኩም። ዘፈኖቹ ተራ በተራ አለቁና መርፌው ባዶውን ቀጭ ቀጭ ይል ጀመር። እሷ ግን መቅዳቷን አላቆመችም። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የእኔ ትንፋሽ ነው፤ አልፎ አልፎ ደግሞ እሷ አፍንጫዋን ስትስብ። እያለቀሰች ነበር።

ደወልኩላት።

«ሙዚቃው አልቆ የለም እንዴ? ምኑን ነው የቀዳሽው?»

«ሙዚቃው አልቋል» አለችኝ። «አንተ ግን አልጨረስክም ነበር።»

«ሊፍት ውስጥ ገባሁ፣ አይሰማኝም» ብዬ ዘጋሁት። አሁንም መኪናዬ ውስጥ ነበርኩ።