ምስጋናው ለእግዚአብሔር፣ ቁጥሩ ለሐኪም

መጀመሪያ ያየሁት ምልክት የፀሐይ መነጽሩ ነው። የእህቴ ልጅ ማቲያስ ከካናዳ መጥቶ እሪ በከንቱ ሰፈር ባለው ቤቴ ባረፈ በማግስቱ፣ ሳሎን ተቀምጦ ቁርስ ሲበላ ጥቁር መነጽሩን አላወለቀም። የሳሎኔ መስኮት ትንሽ ነው፤ አጠገባችን የተሠራው ፎቅ ደግሞ የቀረችውን ብርሃን ወስዷታል። እኛ ቤት በቀንም መብራት ይበራል። የዲያስፖራ ጉራ መሰለኝና፣ እዚህ ፎቶ የሚያነሳህ የለም፣ አውልቀው አልኩት። ሳቅ አለና አወለቀው። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ በላ።

ይህን የምጽፈው ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ለምታስታምሙ ነው። በጨዋታ ይሁን፣ በሞተር ሳይክል ወይም ከደረጃ በመውደቅ፣ አመታቱ ቢለያይም የሚከተለው ነገር ይመሳሰላል። ሐኪም አይደለሁም። ሥላሴ አካባቢ በሚገኝ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ስሠራ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። የምነግራችሁ በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ማቲ የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋች ነበር። ጨዋታው ከስሙ በቀር ከእግር ኳስ ጋር ዝምድና የለውም። ኳሱ ሞላላ ነው፤ በእጅ ይያዛል። የማቲ ቦታ ራኒንግ ባክ ይባላል። ኳሱን ተቀብሎ፣ ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ሊጥሉት በተሰለፉ ግዙፍ ሰዎች መሃል ሰንጥቆ መሮጥ ነው ሥራው። እስኪጥሉት ይሮጣል፤ ይነሳል፤ እንደገና ይሮጣል። የሰፈራችን ጎረምሶች ቪዲዮውን ሳሳያቸው፣ ይሄማ የፒያሳ የታክሲ ግፊያ ነው፣ እኛም በነጻ እንጫወተዋለን አሉኝ።

ካልጋሪ ተወልዶ እዚያው አደገ። በዩኒቨርሲቲው ቡድን ስሙ ወጣ፤ በካናዳ ሊግ በፕሮፌሽናልነት ተጫወተ፤ ከዚያ ድንበሩን ተሻግሮ አሜሪካ ገባ። ለዚያ ቦታ ከካናዳ ሰው መውሰድ ብዙም ያልተለመደ ነው ይላሉ። እህቴ ገነት ሄልሜት አድርጎ የተነሳውን ፎቶ ስትልክልኝ ያላሳየሁት ጎረቤት የለም። ፊቱ ከሄልሜቱ ውስጥ አይታይም፤ እኔ ግን በአቋቋሙ እለየዋለሁ።

ወደ እኔ የመጣው ያለፈው ዓመት ገና ሲቃረብ ነው። ውሉ አልቆ ነበር። ሌላ ቡድን በእነሱ ጸደይ ሊወስደው ይፈልጋል፤ ግን ከመጨረሻው ጨዋታ ጭንቅላቱን ተመትቶ መውጣቱን ስለሚያውቁ የሐኪም ማረጋገጫ ጠይቀዋል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። ለእኔ የነገረኝ ሊያርፍ እንደመጣ ብቻ ነው።

ከመነጽሩ በኋላ ሌላው ተከተለ። የተነገረውን መልሶ ይጠይቃል። ብርጭቆ ሊያነሳ እጁ ከብርጭቆው ጎን ያርፋል። ከእኛ በላይ ያሉትን አሮጌ ቤቶች የሚያፈርሰው ማሽን ሲጀምር ትራስ በጆሮው ላይ ይደፋል። ምን ሆነሃል ስለው መልሱ አንድ ነው፤ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አማርኛው ስብርባሪ ቢሆንም ይህቺን ቃል ያለ እንከን ነው የሚላት። እህቴ በደንብ አሳድጋዋለች ብዬ ኮራሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሥላሴ ደርሼ ልምጣ ብሎ ወጣ። መንገዱን ያውቀዋል። አልተመለሰም። ደወልኩ። ስልኩ አልጋው ላይ ጮኸ። ወጥቼ ፈለግሁ። አጣሁት። ፀሐይ ጠለቀች። ገነት ከካናዳ ደወለች። አላነሳሁም። ምን እላታለሁ?

ያገኘው ሐጂ ከድር ነው። ሐጂ ከድር ከስልጤ በልጅነቱ መጥቶ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ጨርቅ ሲሸጥ የኖረ ጎረቤቴ ነው። ሱቁን ሊዘጋ ሲል ማቲን ድልድዩ ጥግ ተቀምጦ አየው። አስመልሶታል። ሸሚዙ ተበላሽቷል። ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ጠፍቶታል። ያ መዓት ሰው እየጣሰ የሚሮጥ ልጅ፣ በአንድ ሽማግሌ እጅ ተይዞ መጣ። በሩ ላይ ሲያየኝ፣ «ደህና ነኝ፣ አክስቴ» አለኝ።

ከሐጂ ከድር ጋር ወዲያው ሆስፒታል ወሰድነው። ሲቲ ስካን ተነሳ። በማግስቱ የነርቭ ሐኪም ዘንድ ቀረብን። ረጋ ያለች፣ ቃል የማታባክን ሴት ናት። የማቲን ሥራ ጠይቃ፣ ፊልሙን አየችና ስብራትም የደም መፍሰስም እንደሌለ ነገረችን። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። እሷ ግን አልጨረሰችም።

«ይሄ ኮንከሽን ነው» አለች። «አንጎል ተናውጧል። ይሄ በሲቲ ስካን አይታይም። የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። እሱ ካልነገረኝ እኔ አላየውም።»

ምልክቶቹን አንድ በአንድ እየጠራች ከዜሮ እስከ ስድስት ቁጥር እንዲሰጣት ጠየቀችው። ዜሮ የለም ማለት ነው፤ ስድስት የከፋው። ራስ ምታት? ዜሮ። ማቅለሽለሽ? ዜሮ። ብርሃን? ዜሮ። ይህን ሲል ዓይኑን ከመስኮቱ እያሸሸ ነው። እኔም ዝም አልልም፤ አሁን ደህና ነው ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይመስገን እያልኩ አጅበዋለሁ። በአንድ እግሩ ዓይኑን ጨፍኖ እንዲቆም አዘዘችው። ተንገዳገደና ግድግዳውን ያዘ።

«እናቴ» አለችኝ ወደ እኔ ዞራ፣ «ምስጋናውን ለእግዚአብሔር ይስጡልኝ። ቁጥሩን ግን ለእኔ።»

ቅር አለኝ። የሃይማኖት ጉዳይ መሰለኝ። የሰጠችውን ትእዛዝ ግን ያዝን። መጀመሪያ ሁለት ቀን ሙሉ ዕረፍት፣ ከዚያ ራስ ምታቱን እስካላባሰበት ድረስ ጥቂት በጥቂት እንቅስቃሴ፤ ስልክና ቴሌቪዥን በጣም በጥቂቱ፤ መጠጥ የለም፤ ሩጫ የለም። ጨዋታ የሚባል ነገር እንዳይነሳ። አንጎሉ ሳያገግም ሌላ ምት ካገኘው፣ የሚመጣውን እኔ አልመልሰውም አለችን።

ቀጥሎ የመጣውን ችግር እሷም አላሰበችው። ጥየቃ ነው። በእኛ ሰፈር ሰው ታሞ ሳይጠይቁት መቅረት ነውር ነው፤ የታመመውም ተነስቶ አለመቀበል ነውር ነው። ብርቱካን ይዘው መጡ፤ አምቦ ውሃ ይዘው መጡ። ገሚሱ ቤቱ ፈርሶ ሌላ ክፍለ ከተማ የገባ የድሮ ጎረቤት ነው፤ ከዚያ ድረስ ታክሲ እየቀያየረ የመጣን ሰው በምን አፌ ተመለስ እላለሁ? ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራል። ማቲ ትራስ ተደግፎ፣ ፈገግ ብሎ፣ ተሽሎኛል እግዚአብሔር ይመስገን ይላል። እነሱ ተደስተው ይሄዳሉ። እሱ ዞሮ ባልዲ ላይ ያስመልሳል።

እንዲህ ካሉት ቀናት በአንዱ፣ ቤቱ ጭር ካለ በኋላ፣ እስከመቼ ነው የምትዋሸው ብዬ ተቆጣሁት። ያን ጊዜ ነው የነገረኝ። በእንግሊዝኛና በአማርኛ እያቀላቀለ፣ ቀስ ብሎ።

የመጀመሪያው ምት ዩኒቨርሲቲ ሳለ ነው። ወድቆ ሲነሳ ሜዳው ሁለት ሆኖ ታየው። ሐኪሙ ሮጦ መጥቶ ደህና ነህ ወይ አለው፤ ደህና ነኝ አለ፤ ተመልሶ ገባ። ሁለተኛው በካናዳ ሊግ፣ በረዶ እየጣለ። ከዚያ በኋላ የተጫወተውን አያስታውሰውም፤ ነጥብ አስቆጥሮ እንደነበር የሰማው ከሌሎች ነው። አሜሪካ ከገባ በኋላ መቁጠር ተወ። አሠልጣኞቹ ይወዱት ነበር፤ ይሄ ልጅ አመመኝ ብሎ አያውቅም እያሉ ለሌሎቹ ምሳሌ ያደርጉታል።

«እማዬ ናት ያስተማረችኝ» አለኝ። «ሰው ደህና ነህ ወይ ሲልህ እግዚአብሔር ይመስገን በል አለችኝ። እኔ ጥሩ ልጅ ነኝ።»

እኔንና ገነትን ያሳደጉን እናታችን ያስተማሩን ቃል ነው። ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ ሄልሜት ውስጥ ገብቶ፣ ልጁን ሜዳ ላይ እንዳቆየው እያሰብኩ ባልዲውን ላጥብ ተነሳሁ።

ለሁለተኛው ቀጠሮ ስንቃረብ ሚዛኑ ተስተካክሎ ነበር። በአንድ እግሩ ይቆማል። ቡድኑ ደጋግሞ ይደውላል። የጠየቁት ማረጋገጫ የሚጻፈው በሐኪሟ ቃል ነው፤ የሐኪሟ ቃል ደግሞ በእሱ ቁጥር። ከቀጠሮው በፊት ባለው ቀን ጠራኝ።

«ነገ ዜሮ እላለሁ» አለ። «አንቺ ዝም በይ። ሌላ ሥራ አላውቅም፣ አክስቴ።»

ፈራሁ። ብናገር ሕይወቱን የቀማሁት እኔ ልሆን፤ ዝም ብል ደግሞ የሚመጣውን ዶክተሯ ነግራኛለች።

ጠዋት ተያይዘን ወጣን። ሐጂ ከድር ሱቁ ደጃፍ ጣቃ ጨርቅ እየደረደረ ነው። እንደ ወትሮው፣ ማቲ እንዴት አደርክ አለው። ማቲም እንደ ወትሮው፣ እግዚአብሔር ይመስገን አለ። የእኛ ሰላምታ መልስ አይጠብቅም፤ ጠያቂው እየጠየቀ ያልፋል። ሐጂ ከድር ግን ጣቃውን አስቀመጠና ቆመ። ዝም ብሎ ያየዋል። ያን ዕለት ድልድዩ ጥግ እንዴት እንዳገኘው ከእሱ በቀር ያየ የለም።

ማቲ መነጽሩን አወለቀ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ደህና አይደለሁም፣ ሐጂ» አለ። «ሌሊት አልተኛሁም። ራሴን በየቀኑ ያመኛል።»

ሐጂ ከድር ራሱን ነቀነቀ። «እኔንም ወገቤ አያስተኛኝም» አለው። «ስንት ዘመን አልሐምዱሊላህ ስል ኖርኩ። ምስጋናው ልክ ነው። ወገቤ ግን ያመኛል።»

ሄድን። ዶክተሯ ጠየቀች። ራስ ምታት? አራት። ብርሃን? ሦስት። እንቅልፍ? አምስት። መርሳት? አራት። በየመሃሉ ይቆማል። አልረዳሁትም። ሲጨርስ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። የልጅ ለቅሶ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። እሷ ውሃ ሰጠችን፤ ከዚያ ወረቀቱ ላይ መጫወት አይፈቀድለትም ብላ ጻፈች። የማቲ የጨዋታ ዘመን በዚያ ክፍል አበቃ።

ማገገሙ የጀመረው ከዚያ ወዲያ ነው፤ ሐኪም ማከም የሚችለው የተነገረውን ነውና። ለእንቅልፉም ለራስ ምታቱም መድኃኒት ታዘዘለት፤ አንድ ወጣት ፊዚዮቴራፒስት ጭንቅላቱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያዞረ ዓይኑን አንድ ነገር ላይ እንዲተክል እያለማመደው፣ መጀመሪያ ሲያጥወለውለው የነበረው እንቅስቃሴ ቀስ በቀስ ጨዋታ ሆነለት። እኔም ወገቤን ታጥቄ በር ላይ ወንበር አወጣሁና ጠያቂውን እዚያው ማስተናገድ ጀመርኩ፤ አንዳንዱ አኮረፈ፤ ሐጂ ከድር ግን የቀረውን ሰው ሱቁ ደጃፍ እያስቆመ፣ ልጁ ጸጥታ ታዞለታል፣ ብርቱካኑን ለእኔ ስጡ እያለ አስለመደልኝ፤ ግማሹን እሱ ሳይበላው አልቀረም። ማቲ በማለዳ፣ መኪናው ሳይበዛ፣ ከድልድዩ ሽቅብ ወደ ፒያሳ መራመድ ጀመረ፤ መጀመሪያ ግማሽ መንገድ ሄዶ ተመለሰ፣ ከዚያ እስከ ጊዮርጊስ፣ ከዚያ እዚያው ቁጭ ብሎ ማኪያቶ ጠጥቶ መጣ። ክረምቱ ሲገባ መነጽሩን ጠረጴዛ ላይ ትቶ መውጣቱን ያየሁት ለእግር ጉዞው ከሄደ በኋላ ነው።

ዛሬ ካልጋሪ ተመልሶ ልጆች ሩጫ ያሠለጥናል። ልጅ ሲወድቅበት ደህና ነህ ወይ ብሎ አይጠይቅም አሉ። የቱ ጋ ነው የሚያምህ ይላል፤ ከዚያ ይጠብቃል።

ለዚያች ሐኪም፣ ልጁን ላለማመደው ወጣት፣ ለሐጂ ከድር እግዚአብሔር ብድራቸውን ይክፈል። አኩርፈው ለሄዱት ጎረቤቶቼም፤ ብርቱካናቸውን በልተናል።

ለእናንተ የምለው ጥቂት ነው። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ ከበረታበት፣ ከተምታታበት ወይም አልነቃ ካላችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ፣ ሆስፒታል ውሰዱት። ፊልሙ ንጹህ ነው ሲባል በሽታው የለም ማለት እንዳይመስላችሁ። ጠያቂን በትሕትና መልሱ፤ ይቀየማል፣ ግን ያልፍለታል። ሐኪም ፊት በበሽተኛው አፍ አትናገሩ። ስትጠይቁትም መልሱን ቆማችሁ ስሙ፤ የመጀመሪያው መልስ ሰላምታ ነው።

ባለፈው እሑድ ማቲ ደወለ። እንዴት ነህ አልኩት። ዜሮ አለኝ። አራትና አምስት ብሎ የሚያውቅ ልጅ ስለሆነ አመንኩት።

አንቺስ አክስቴ አለኝ። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ስልኩ ጸጥ አለ። የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ልል ስል ትንፋሹ ይሰማኛል። እየጠበቀ ነው።

«ጉልበቴ» አልኩት፣ «አራት።»

ሰኞ ቀጠሮ አለኝ።