ኤረር በር ላይ የተኛው ባቡር

አደጋው የገባኝ ክሩ አልፈታ ሲለኝ ነው።

ጀጎል፣ ኤረር በር አጠገብ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አስፋልቱ ዳር በተነጠፈ ምንጣፍ ላይ ተጋድሜ ነበር። የእግሬ አውራ ጣት በክር ከልጄ አውራ ጣት ጋር ታስሯል። የልጄ ከጓደኛዋ፣ የጓደኛዋ ከሚቀጥለው፣ እንዲህ እያለ አሥራ አንድ ሰው። በመካከላችን ያለው ክር አንድ ክንድ ቢሆን ነው። የፖሊስ ፒካፕ መጥቶ እግራችን ሥር ቆመ። ልጆቹ ትራሳቸውን አቅፈው፣ ጋቢ ተከናንበው፣ የውሸት ያንኮራፋሉ። እኔ ቀና ብዬ ክሩን ስጎትት ቋጠሮው ጭራሽ ጠበቀ።

ያን ቋጠሮ የቋጠርኩት ራሴ ነኝ።

ትምህርቴ ትንሽ ነው። ከድሬ ጠያራ ገጠር በልጅነቴ ተድሬ ከተማ ገባሁ፣ ሁለት ዓመት የማታ ተማርኩ፣ ከዚያ ንግድ ወሰደኝ። በድሮው ባቡር ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ሌሊት እየተመላለስኩ ሽርጥና ሻሽ እሸጥ ነበር። ነጋዴ ሴቶች ስንተኛ ጓዛችንን ከእግር ጣታችን ጋር በክር እናስራለን። ሌባ ጓዙን ሲነካ መጀመሪያ የሚነቃው ጣቴ ነው፣ እኔ ከጣቴ በኋላ ነው የምነቃው። ቋጠሮውም በጎተቱት ቁጥር የሚጠብቅ እንጂ የሚላላ አይደለም።

ያ ባቡር ሞተ። አዲሱ ሲመጣ ቀን ቀን ብቻ ሆነ። ልጄና ጓደኞቿ ታዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ጨዋታ አመጡ፤ የሌሊት ባቡር ይጨመርልን፣ በሽተኛው ተኝቶ ይድረስ፣ ሰማዩም በአውሮፕላን ጭስ አይታፈን ይላሉ። አንዷ አውሮፕላን ሆና፣ የካርቶን ክንፍ አስራ አፍንጫዋን ሽቅብ ቀስራ ትመጣለች። «ከእኔ ጋር ለመብረር በሬህን ሽጥ፣ በሬ ከሌለህ ቤትህን» ትላለች። የቀሩት ትራስ ተሸክመው፣ አንዱ የሌላውን ወገብ ይዞ፣ በጀጎል ጠባብ መንገድ እንደ ባቡር ይጓዛሉ፤ ኤረር በር ሲደርሱ ምንጣፍ አንጥፈው ይተኛሉ። ጫት ሻጮቹ «እናንተ፣ ቤታችሁ አልጋ የለም ወይ?» ሲሏቸው «አለ፣ ሐዲድ የለውም እንጂ» ይላሉ።

አንድ ቀን እራት ላይ የጣቱን ነገር አጫወትኳት። ሳቀችና «እማዬ፣ ነይና አንቺው እሰሪን» አለች።

«ወላሂ አልመጣም» አልኳት። ያኔ ሦስት ሰው አብሮ ሲቆም ለምን ቆማችሁ የሚባልበት ጊዜ ነበር። ወንድሜ ከዚያ በፊት ሰልፍ ሊያይ መንገድ ዳር ቆሞ ተወስዶ፣ ስንት ወር ቆይቶ ሲመለስ ማዕድ ላይ መናገር ትቷል። ግን ካልሄድኩ ብቻዋን ናት ብዬ ሄድኩ። ልጄን ማንም ለብቻዋ እንዳይወስዳት አስቤ ክሩን ደህና አድርጌ አጠበቅሁት። መሮጥ ቢመጣ እንዴት እንደምንሮጥ አላሰብኩም።

ከፒካፑ ሁለት ፖሊሶች ወረዱ፤ አንድ ወጣትና አንድ ሸምገል ያለ ሳጅን።

«አለቃችሁ ማነው?» አለ ወጣቱ።

ልጄ ዓይኗን እንደጨፈነች «ሳጅን፣ አዋሽ ስንደርስ ይቀስቅሱን» አለች።

ከበው የቆሙት ሳቁ። ወጣቱ አልሳቀም። እጇን ይዞ ሲስባት ጣቴ የተነቀለ መሰለኝ፣ ከወዲያ በኩል ደግሞ ሁሉም «ጣቴን፣ ጣቴን» አለ። ሰዉ ይበልጥ ሳቀ። ፖሊሱ ፊቱ ቀላ። ከኪሱ ሴንጢ አወጣ።

ክሩን በእጄ ሸፈንኩት።

«እናት፣ እጅዎን ያንሱ።»

«ልጄ፣ ከቆረጥከው ለብቻዋ ትሄዳለች። የምትወስድ ከሆነ ሁላችንንም ውሰድ» አልኩት። እጄን አላነሳሁትም።

ሳጅኑ ፒካፑን አየ፣ እኛን አየ። ግማሻችንንም አይጭንም። «በእግራቸው ይሂዱ» አለና ፊት ፊት መራ። እኔ ከኋላው፣ ልጄ ከእኔ ኋላ፣ እግራችንን እየጎተትን በሩ ጋ ደረስን።

ከጫት ሻጮቹ አንዷ «ሳጅን፣ የባቡሩ ራስ እርስዎ ነዎት፤ ፊሽካዎን ይንፉ እንጂ» አለች። መንገዱ ሁሉ በሳቅ ሞላ። እኔ የምሰማው ከኋላችን ቀስ እያለ የሚከተለውን ፒካፕ ብቻ ነበር። ያ አላህ፣ የዚህን ሳቅ ንዴት ልጄ ላይ እንዳይወጡት እላለሁ።

ሳጅኑ ቆመ። ከተማውን እንዲህ ሆኖ ማቋረጥ እንደማይሆንለት ገባው መሰለኝ።

«ይህን ማን ቋጠረው?»

«እኔ ነኝ።»

«ይፍቱት።»

«በጥርስ ካልሆነ አይፈታም።»

ፊቱን አዞረ። «ይፍቱና ሁሉም ወደየቤቱ ይግባ። ሌላ ቀን እዚህ ባገኛችሁ በፒካፕ አይደለም፣ በአይሱዙ ነው የምጭናችሁ።»

መሬት ተቀምጬ ከወዲያኛው ጫፍ ጀመርኩ። ክሩ ጥርሴ ላይ አቧራ አቧራ ይላል። የተፈታው ትራሱን አንስቶ ይሄዳል። ልጄ ጋ ስደርስ ትከሻዬን በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች። ፈርታ እንደነበረ ያኔ አወቅሁ። ከጓደኛዋ ለየኋት፤ ከእኔ ጋር ያሰራትን ክር ግን አልነካሁትም።

ሳጅኑ አይቷል። «በቃ፣ ይሂዱ» አለኝ።

ክሩን በእጄ ጨብጬ በጠባቡ መንገድ ገባን። «አትሩጪ፣ የሮጠ ይጠረጠራል» አልኳት። አልሮጠችም። ወደ ኋላ ግን ሁለታችንም አንድ አምስት ጊዜ ዞረናል። ግቢያችን ገብተን በሩን ዘጋሁ፣ መወርወሪያውን ጣልኩ፣ ጆሮዬን ሳንቃው ላይ አድርጌ ቆየሁ። የሚመጣ ኮቴ የለም።

ከዚያ በኋላ ነው የመጨረሻውን ቋጠሮ የፈታሁት።

«አልሐምዱሊላህ» አልኳት፣ «ገብተናል። ማንም አልተከተለንም። ደህና ነን።»