ብርድ ልብስ ያሳጣኝ እንግሊዝኛ

ጠላት ደምበጫን ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ባፈገፈገበት ሰሞን፣ አሥራ ሁለት አርበኞች እኔን «የኔታ» ይሉኝ ነበር። ዕውቀቴ ከየት መጣ ቢሉ፣ በስደት ሱዳን ሳለሁ የእንግሊዝ ወታደሮች ወጥ ቤት ድስት አጥቤያለሁ። ከድስቱ ጋር የወታደሩን የጨዋታ ቋንቋ ለቃቅሜ መጣሁ፤ ከመጽሐፉ እንግሊዝኛ ጋር ግን እስከ ዛሬ አልተዋወቅንም።

አብረውን የሚዘምቱት እንግሊዞች ብርድ ልብስ ሊያድሉን ነው ተባለ። ከሁሉ ይልቅ የቋመጥኩት እኔ ነኝ፤ ጋቢዬን የመንገድ እሾህ በልቶት ወንፊት ሆኖ ነበር። የጎበዝ አለቃችን አስጠሩኝ።

«የኔታ፣ በእንግዳ ፊት እንዳንዋረድ። ጨዋ ሰው ሲሰጡት የሚለውን አስተምረን።»

«‹አም ኦልራይት፣ ሜት› ይበሉ፣ ጌታዬ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ምንም አልጎደለኝ፣ ወንድሜ።»

«እሰይ! የኩሩ ሰው ቃል ነው።»

እንደ ቅኔ ቤት ከዋርካው ሥር ሰብስቤ በቃል አስጠናኋቸው። አርጩሜም ይዤ ነበር፤ በአሥራ ሁለት ጠመንጃ ፊት አርጩሜ! እሺ ብሎ መቀበያውን ግን አላስተማርኩም። ጨዋ ሰው ሳይለመን መቼ እሺ ይላል?

በማግስቱ አንድ እንግሊዝ ሃምሳ አለቃ ብርድ ልብሱን በግመል ጭኖ መጣ። መጀመሪያ ለጎበዝ አለቃው ዘረጋላቸው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «አም ኦልራይት፣ ሜት» አሉ፤ አነጋገራቸው ከእኔ ያምር ነበር። ሰውየው ራሱን ነቅንቆ ወደሚቀጥለው አለፈ። ያም እንደዚያው፣ የሚቀጥለውም እንደዚያው። መጨረሻ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ፤ በተማሪዎቼ ፊት እንዴት ብዬ ልቀበል? እኔም ያንኑ አልኩት። «ጆሊ ጉድ!»፣ እጅግ መልካም፣ አለና ግመሉን አዞረ።

«ኧረ ሰውየው ሊሄድ ነው!» አሉ የጎበዝ አለቃው። «‹በሞቴ› አይልም እንዴ?»

«እነሱ የሚጠይቁት አንዴ ብቻ ነው፣ ጌታዬ።»

«ይህን ታውቅ ነበር?»

«አዎን። ሱዳን ስንት ምሳ አምልጦኛል።»

«አንተ ድስት አጣቢ!»

ከየኔታነት የተሻርኩት ያን ጊዜ ነው። ሮጬ የግመሉን ልጓም ያዝኩና ለሃምሳ አለቃው በእጄም በእግሬም አስረዳሁት፦ እኛ ዘንድ ሰው ሦስት ጊዜ ይለመናል፤ በሦስተኛው «በሞቴ» ይባላል። ከተማሪዎቼ ሁሉ ፈጣኑ እሱ ሆነ። ተመልሶ በጣቱ እየቆጠረ ለመናቸው፤ በሦስተኛው «በሞቴ!» ሲል እነዚያ ኩሩዎች በሳቅ እየፈረሱ ተቀበሉት።

እኔ ዘንድ ደረሰ። አንድ። ሁለት። ሦስት፣ «በሞቴ!»

መምህር ነኝና ከተማሪዎቼ በአንድ ልብለጥ ብዬ አራተኛውን ጠበቅኩ።

ሃምሳ አለቃው ሦስት ጣቱን አሳየኝና ብርድ ልብሱን አጥፎ ግመሉ ላይ መለሰው። እስከ ደብረ ማርቆስ ድረስ እኔ ወንፊቴን ለብሼ፣ ግመሉ ብርድ ልብሴን ለብሶ፣ ከፊቴ ከፊቴ ሄደ።